«ውሻ ያዙ!»

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን ጉዳይ ብቻዬን ላጫውታችሁ ነው። ጉዳዩ የሚጀምረው ከአንድ ቃል ነው። ልጆች ሳለን ከመካከላችን አንዱ ረግቶ መቀመጥ ሲያቅተው፣ ልብሱንና ደብተሩን እዚህም እዚያም እየጣለ ሲወጣ፣ እናቴ «ይህ ዘላን!» ትለው ነበር። ቃሉ ስድብ መሆኑን የተረዳሁት ከድምጿ ነው። ትምህርት ቤት ስንገባ «አርብቶ አደር» የሚለውን የተሻለ ስም አስተማሩን፤ ነገር ግን ስሙ ተለወጠ እንጂ በውስጤ የነበረው ሥዕል አልተለወጠም። ዘላን ማለት ለእኔ የሚሄድበትን የማያውቅ፣ ዝናብ ባየበት የሚነጉድ፣ ቤት የሌለው ሰው ነበር። ይህን ሥዕል ይዤ ነው ወደ ሞንጎሊያ የሄድኩት።

ከአዲስ አበባ በቤጂንግ በኩል ዋና ከተማዋ ኡላንባታር ገባሁ፤ ከዚያም ከአንድ አስተርጓሚና ከአንድ ሾፌር ጋር «ፉርጎን» በሚሏት አሮጌ የሩሲያ መኪና ወደ ምዕራብ ተጓዝን። ካርኾሪን፣ የጥንቷ የሞንጎሎች መናገሻ ካራኮሩም የነበረችበት ከተማ፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እስከዚያ አስፋልት አለ። ከዚያ አልፈን ወደ አርሃንጋይ አውራጃ ስንዘልቅና ከዋናው መንገድ ስንወጣ ግን መንገድ የሚባለው ነገር ተበተነ። በሣሩ ላይ ጎን ለጎን አሥርም አሥራ ሁለትም የጎማ ዱካ ይታያል፤ እያንዳንዱ ሾፌር ያለፈው ሰው ዱካ ሲቆፈርና ሲጨቀይ የራሱን አዲስ ይከፍታል። የእኛም ሾፌር ካርታ አላየም፤ የተራራ ጫፍ እያየ፣ እረኛ ሲያገኝ እየቆመ ይጠይቃል። በየኮረብታው አናት ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበት የድንጋይ ክምር አለ፤ «ኦቮ» ይሉታል። እዚያ ስንደርስ ወርዶ በቀኙ በኩል ሦስት ጊዜ ይዞረውና አንድ ድንጋይ ይጨምርበታል።

የቦታውን ስፋት በቃል ማስረዳት ይከብደኛል። ሞንጎሊያ 1.56 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከኢትዮጵያ ትሰፋለች፤ በላይዋ ላይ የሚኖረው ግን 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ብቻ ነው፤ ከእርሱም ግማሽ ያህሉ ዋና ከተማዋ ውስጥ ነው። እኔ በደጋ አገር ያደግሁ፣ ዓይኔን ባነሳሁ ቁጥር አጥር ወይም ማሳ ወይም የጎረቤት ጣሪያ የሚያግደኝ ሰው ነኝ። እዚያ ምንም የሚያግድ ነገር አልነበረም፤ አጥር የሚባል ነገር ሳላይ ቀን ሙሉ ተጉዣለሁ። የመጀመሪያው ስሜቴ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ነበር።

መሸብን። ከሩቅ ሁለት ነጫጭ ድንኳኖች ታዩ፤ ሾፌሩ መኪናውን ወደዚያው አዞረ። የሚያውቃቸው ሰዎች እንደሆኑ ጠየቅሁት፤ አላውቃቸውም አለኝ። ራቅ ብሎ አቆመና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ኖሆይ ሆር!» ብሎ ጮኸ። ትርጉሙን ስጠይቅ አስተርጓሚዋ «ውሻችሁን ያዙልን ማለት ነው፤ በራችን ስለማይንኳኳ ሰላምታችን ይኸው ነው» አለችኝ። ሳቄ መጣ። አያቴ አገር መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሚጮኸው «ውሻ ያዙ!» ብሎ ነው፤ ቀጥሎም «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ ከውስጥም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይሉታል። ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ መጥቼ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ከአያቴ ደጅ የማውቀው ነበር።

ስለ ቤታቸው ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔን ያሸነፈኝ ቤቱ ነው። «ጌር» ይሉታል። ግድግዳው እንደ ወንፊት የተሰናሰለ፣ ሲፈልጉት የሚዘረጋ፣ ሲፈልጉት የሚታጠፍ የእንጨት ማገር ነው። ከማገሩ ወደ ላይ እንደ እኛ ጎጆ ወራጆች ይነሳሉ፤ ነገር ግን የእኛ ወራጅ ጉልላቱ ላይ ተገናኝቶ ሲዘጋ የእነርሱ «ቶኖ» በሚሉት ክብ እንጨት ዙሪያ ተሰክቶ ለሰማይ ክፍት ይሆናል። ልብሱ ያልተፈተለና ያልተሸመነ፣ በውሃ እየራሰና እየተጠቀለለ እርስ በርሱ የተጣበቀ የበግ ጠጉር ነው፤ በፈረስ ጭራ ገመድ ይጠፈራል። በሩ ሁልጊዜ ወደ ደቡብ ያያል። በዚህ የተነሳ በቶኖው የሚገባው የፀሐይ ብርሃን በየሰዓቱ የታወቀ ቦታ ላይ ያርፋል፤ የቤቱ እመቤት ብርሃኑ የትኛው ወራጅ ላይ እንደደረሰ አይታ የማለቢያ ሰዓት መድረሱን ስትናገር ሰምቻለሁ። ምዕራቡ የወንዶችና የእንግዳ ነው፣ ምሥራቁ የሴቶችና የወጥ ቤት ዕቃ ነው፣ ሰሜኑ የሽማግሌና የጸሎት ቦታ ነው። የበሩን ደፍ መርገጥ ነውር ነው፤ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ማለፍም እንዲሁ። እኔ በመጀመሪያው ምሽት ሁለቱንም አጥፍቻለሁ፤ ማንም አልተቆጣኝም፤ አንዲት የ5 ዓመት ሕፃን ብቻ አፏን ይዛ ደነገጠች።

ሻይ ቀረበ፤ ወተትና ጨው ያለበት ሻይ ነው። ብዙ የውጭ ሰው ጨዉን ሲቀምስ ፊቱን ያጠቁራል አሉኝ። እኔ ግን አያቴ ቡናዋን በጨው ስትጠጣ እያየሁ ያደግሁ ነኝና ሁለተኛ ስኒ ጠየቅሁ፤ ምድጃው ውስጥ የሚነደውም ኩበት ስለነበር ሽታው ጭምር የቤቴ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ግን አልቀለለኝም። በበሩ አጠገብ ትልቅ የቆዳ ስልቻ ተሰቅሏል፤ ውስጡ «አይራግ» የሚሉት የባዝራ ወተት ሲብላላ ይከርማል፤ በቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ መናጥ ስላለበት የገባ ሰው ሁሉ በእንጨቱ ጥቂት ጊዜ መትቶ ያልፋል። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ የሐዋርያት ጾም ተፈቷል፣ ፍልሰታ ገና አልገባም፤ ስለዚህ ጾም ነው የሚል ምክንያት አልነበረኝም። ነገር ግን በእኛ ሥርዓት ፈረስ ከሚበሉት ወገን አይደለም፤ ወተቱም እንደዚያው ነው። ጎድጓዳው ሳህን ሞልቶ በሁለት እጅ ሲዘረጋልኝ፣ እምቢ ማለት ቤቱን መናቅ መሰለኝ፣ መጠጣት ደግሞ እናቴን። አስተርጓሚዋ ጭንቀቴን አይታ ቀስ ብላ፣ በሁለት እጅ ተቀብዬ ከንፈሬን አስነክቼ ብመልሰው በቂ እንደሆነ ነገረችኝ። እንዲሁ አደረግሁ። አባወራው ሳህኑን ከእጄ ተቀብሎ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ የላም እርጎ አመጣልኝ። ሃይማኖቴን በዚያች ጎድጓዳ ሳህን ላይ እንዳሰብኩት በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቤው አላውቅም።

ከእነርሱ ጋር 9 ቀን ተቀመጥኩ። የቱሪስት መጽሔቶች የሚያሳዩት በፈረስ የሚጋልበውን ወንድ ነው፤ እኔ ያየሁት ደግሞ ባዝራዎቹን በቀን 5 እና 6 ጊዜ የምታልበዋን፣ ያክ የሚባሉትን ጠጉራም ከብቶች ማለዳና ማታ የምታልበዋን፣ ኩበት የምትለቅመዋን፣ እርጎውን ጨምቃ በጣሪያው ላይ የምታሰጣዋን ሴት ነው። ባዝራ ውርንጭላዋ አፉን ሳያስነካት ወተቷን አትለቅም፤ ስለዚህ አንዱ ውርንጭላውን ይዞ ያቀርባል፣ ሌላው ያልባል፤ ጥቂት ብቻ ይገኛል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይጀመራል። ሕፃናቱም 6 ዓመት ሲሞላቸው ወደ ወረዳው ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ አለዚያ እናትየው እነርሱን ይዛ ከተማ ስትቀመጥ ባል ብቻውን ከከብቱ ጋር ይከርማል። ስለ «ነፃው የሜዳ ሕይወት» የሚጻፈውን ሳነብ ይህች ሴት ለምን እንደማትጠቀስ ይገርመኛል።

በ6ኛው ቀን ሣሩ ስለሳሳ ሰፈር ለወጡ። የልጅነቴ ሥዕል የተቀደደው በዚያ ቀን ነው። ቤቱ ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፈርሶ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተጫነ፤ አያቶቻቸው በግመልና በበሬ ጋሪ ይጭኑት ነበር። የሄድነው ግን ወደማይታወቅ ቦታ አልነበረም። 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወንዝ ዳር ስንደርስ ባለፈው ዓመት ጌሩ ያረፈበት ክብ በሣሩ ላይ ገና ይታይ ነበር። አባወራው መኪናውን እዚያው ክብ አጠገብ አቆመ። መጀመሪያ ሳጥኑን፣ አልጋውን፣ ምድጃውን በባዶው ሜዳ ላይ ልክ በየቦታቸው ደረደሩ፤ ሳጥኑ በጠባቡ በር ስለማይገባ ቤቱ የሚሠራው በኋላ ነው፣ በዕቃው ዙሪያ። ለጥቂት ደቂቃ ያ ቤተሰብ ግድግዳ በሌለው ቤት ውስጥ ቆሞ ነበር፤ አሮጊቷ እናትም ገና ማገር ሳይቆም ምሥራቁን ይዛ ሻይ ታፈላ ነበር።

በዓመት 4 ጊዜ ይነሳሉ፤ በጎቢ በረሃ በኩል ያሉት ከዚያም በላይ ይነሳሉ። የሚመለሱባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በተለይ የብርድ ወራት ሰፈራቸው (ክረምት ብል ዝናቡን ታስባላችሁና) ከተራራ ጥግ ነፋስ የማይገባበት ነው፤ የዓመታት ፋንድያ ተረግጦ ወለል ስለሆነ ከብቱ ሲተኛበት ይሞቀዋል። ግጦሹ ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው መሬት ለዜጎች በግል እንዲሰጥ ሲፈቅድ የግጦሽ መሬትን ለይቶ አስቀርቶታል። አባወራው ይህን ሲያስረዳኝ፣ በሬ የሚያህል ድንበር ተገፋ ብለው ዕድሜ ልካቸውን በፍርድ ቤት የተካሰሱ ዘመዶቼ ትዝ አሉኝ።

ነገሩን ሁሉ ማር አድርጌ እንዳልነግራችሁ ስለ «ዙድ» ማንሳት አለብኝ። ሣር የሚበቅልበት የሙቀት ወራት ደርቆ ከብቱ ሳይደልብ ይቀራል፤ ከዚያ በረዶው ቀልጦ እንደገና ይረጋና ሣሩን እንደ መስታወት ይሸፍነዋል። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል። ፈረስ በረዶውን በኮቴው ይቆፍራል፤ በግ ፈረሱ የከፈተውን ተከትሎ ይግጣል፤ ያ ጠጣር በረዶ ሲሆን ግን ፈረሱም አይችለውም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወደ 2024 ባሻገረው ብርድ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ከብት አለቀ። የእኔ አስተናጋጆች ከመንጋቸው ግማሹን ያጡት ያኔ ነው። ለዚህ የራሳቸውም ድርሻ እንዳለበት አባወራው አልሸሸገም። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ሶሻሊዝሙ ወድቆ የኅብረት ማኅበራቱ ከብት ለግለሰብ ሲከፋፈል፣ ገንዘብ የሚያመጣው የፍየል ጠጉር፣ ካሽሚር የሚባለው፣ ሆነ፤ 5 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ፍየል ከ20 ሚሊዮን አለፈ። ፍየል ደግሞ ሣሩን ከሥሩ ይነቅላል። «እኛም ፍየል አብዝተናል» አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ ነገረኝ።

ዙድ መንጋውን የጨረሰበት ሰው ጌሩን ጭኖ ወደ ኡላንባታር ይሄዳል። የከተማዋ ዳርቻ ኮረብታ በእነዚህ ጌሮች ተሞልቷል፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ ጌር በእንጨት አጥር ተከቧል። ያ ሁሉ ቤት ለሙቀት የድንጋይ ከሰል ስለሚያነድ የከተማዋ የብርድ ወራት ጭስ የታወቀ ነው፤ ጥሬው ከሰል እ.ኤ.አ. በ2019 ቢከለከልም ችግሩ አልጠፋም። ጌር በአጥር ውስጥ ሳይ የታሰረ ፈረስ ያየሁ መሰለኝ። ይህ የእኔ የመንገደኛ ስሜት ነው፤ እዚያ የሚኖሩት ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ብለው መርጠውት ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ማታ አባወራው አንድ ነገር ጠየቀኝ። በአገሬም ከብቱን ተከትሎ የሚኖር ሕዝብ እንዳለ፣ አፋሮችና ሶማሌዎች ቤታቸውን በግመል ጭነው እንደሚጓዙ ነግሬው ነበር። «እንደ እኛ ያለውን ሰው በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ?» አለኝ። እነርሱ ራሳቸውን «ማልቺን» ይላሉ፤ «ማል» ከብት ነው፣ ማልቺን ደግሞ ከብት ጠባቂ። የሚዘዋወረውን «ኑደልቺን» ይሉታል፤ ቃሉን ሲጠሩት ደረታቸው ይነፋል። እኔ በአፌ ላይ የነበረውን የእናቴን ቃል ዋጥኩና «አርብቶ አደር» አልኩ። አስተርጓሚዋ «ከብት እያረባ የሚያድር» ብላ ፈታችው። አባወራው ቃሉን እየደጋገመ ለመጥራት ሞከረ፤ «አርብቶ... አርብቶ አደር»፤ ደስ አለው፣ ሚስቱንም ጠርቶ አስጠራት። ሌላ ቃል መኖሩን አልነገርኩትም።

ከዚያ «አንተስ ስንት ከብት አለህ?» አለኝ። ምንም የለኝም አልኩት። ፍየልስ? የለኝም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ፤ ለሚስቱም አንድ ነገር አላት። ጠዋት ስንነሳ አንድ ከረጢት ሙሉ «አሩል» የሚሉትን የደረቀ እርጎ ሰጡኝ፤ አሮጊቷ እናትም ከኋላችን በእንጨት ማንኪያ ወተት ወደ ሰማይ እየረጨች ሸኘችን። ከአሩሉ አንዱ እስካሁን እዚህ ማይክሮፎኑ አጠገብ አለ። ሁለት ጊዜ ልነክሰው ሞክሬ ጥርሴን ፈርቼ ትቼዋለሁ፤ መጥባት እንጂ መንከስ እንደሌለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም።