ማንም የማይጮኽበት ድራማ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። «ቶክዮ ስቶሪ» ስለሚባል አንድ የጃፓን ፊልም ላወራችሁ ነው። ስለ እናቴም ነው። ሁለቱን መለየት ስላቃተኝ አብሬ አወራቸዋለሁ።

እኛ ዘንድ «ድራማ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ነገር ሲያካብድ «ኧረ ድራማ አትሥሪብኝ» እንላለን። ጩኸት፣ እንባ፣ በር ጓ አድርጎ መዝጋት። በፊልምም የምንጠብቀው ይህንኑ ነው። ታምቆ የቆየው ነገር የሚፈነዳበት፣ አንዱ ብድግ ብሎ የሆዱን የሚዘረግፍበት ትዕይንት አለ። እሱ ካልመጣ ፊልሙ ያላለቀ ይመስለናል።

ድራማ ዓይነቱ ብዙ ነው። የፍርድ ቤቱ አለ፣ የታሪኩ አለ፣ የፍቅሩ አለ። ሙዚቃው ቀድሞ «አሁን አልቅሱ» የሚለን ሜሎድራማም አለ። ሜሎድራማን ብዙ ሰው ይንቃል፣ እኔ አልንቀውም። ስሙ ራሱ ከግሪክ ነው። «ሜሎስ» ዜማ ማለት ነው። ለቅሶውን በግጥምና በዜማ የሚያወጣ፣ አልቃሽ ያለው ሕዝብ ልጅ ሆኜ እሱን ብንቅ ያስተዛዝባል።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። ጃፓኖች «ሾሚን ጌኪ» የሚሉት አለ፣ የተራው ሕዝብ ድራማ እንደማለት። ንጉሥ የለበትም፣ ሰይፍ የታጠቀ ሳሙራይም የለበትም። ጡረታ የወጣ አባት፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ፣ ደመወዝ የማይበቃው የቢሮ ሠራተኛ ናቸው ያሉት። ሾቺኩ የሚባለው የፊልም ኩባንያ በዚህ ይታወቅ ነበር። ዳይሬክተሩ ያሱጂሮ ኦዙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 እዚያ ተቀጠረ። በ1953 «ቶክዮ ስቶሪ»ን ሠራ።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ኦኖሚቺ በምትባል የወደብ ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌና አሮጊት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶክዮ ይሄዳሉ። ልጆቹ ሥራ ይበዛባቸዋል። ወላጆቹ ይመለሳሉ። እናትየዋ ትሞታለች። በቃ። 136 ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት እናቴ ከመምጣቷ በፊት ነበር። ግማሹ ላይ አጠፋሁት። «ምንም ነገር አይፈጠርም» ብዬ።

ከዚያ እማዬ መጣች። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ጋ፣ ሦስት ወር። ሻንጣዋ ሙሉ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ ነበር። ያኔ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ጠዋት አንድ ቦታ፣ ማታ ሌላ ቦታ። እሷ ሙሉ ቀን ከመስኮቱ ጋር ትውላለች። «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ስላት «እኔ ምን ጎደለብኝ፣ ሥራሽን ሥሪ ልጄ» ትለኛለች። እኔም አምናት ነበር። ማመኑ ይቀለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልወስዳት ቃል ገባሁ። ገና ሳይነጋ ተነስታ ተጣጥባ ነጠላዋን ለብሳ ጠበቀችኝ። ስልኬ ጮኸ። አንዱ ሠራተኛ ቀርቷል፣ ኦቨርታይም ነው፣ ትመጫለሽ ወይ? እሺ አልኩ። ጫማዬን እያደረግሁ ዞር ስል ነጠላዋን አውልቃ እያጠፈች ነበር። በጥንቃቄ፣ ጫፍ ከጫፍ እያገጣጠመች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ፊልሙን እንደገና ከፈትኩት። ትላልቆቹ ልጆች ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ማየት ፈልጌ ይሆናል።

ያች እሑድ እዚያ ውስጥ አለች። ትልቁ ልጅ የሰፈር ሐኪም ነው። ወላጆቹን ከተማ ሊያሳይ ሁሉም ለባብሶ ተዘጋጅቷል። አንድ ሰው መጥቶ ልጄ አሞታል ይላል። ሐኪሙ ይሄዳል፣ ጉብኝቱ ይቀራል። ሽማግሌዎቹ ቅር አላቸው? ምንም አይሉም። አያትየዋ ትንሹን የልጅ ልጇን ይዛ ሜዳ ላይ ትወጣለች። ስታድግ ምን ትሆናለህ ትለዋለች። እንደ አባትህ ሐኪም? አንተ ሐኪም እስክትሆን እኔ እኖር ይሆን? ልጁ ሣር እየነቀለ ነው፣ አይሰማትም። እዚህ ጋ አቆምኩት። ትንሽ ተቀምጬ ነው መልሼ የከፈትኩት።

ይህን ፊልም የማልረሳው ክፉ ሰው ስለሌለበት ነው። ሐኪሙ ምን ያድርግ? ልጁ በእርግጥ ታሟል። ፀጉር ቤት ያላት ሴት ልጅ አንደበቷ ሻካራ ነው። ባሏ ለወላጆቿ ኬክ ገዝቶ ቢመጣ «ለእነሱ ውድ ነው» ትላለች። እናቷ ከተቀበረች በኋላ ገና ከማዕድ ሳይነሱ የእናቷን ልብስ ለማስታወሻ ትጠይቃለች። ታዲያ ከዚያ በፊት ከልቧ ስታለቅስ አይተናታል። ሁለቱም እሷ ናት። እንዲህ ዓይነት ሰው በየቤታችን አለ።

ኦዙ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን አካባቢ። እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ቤት ቡና የምጠጣ ነው የሚመስለኝ። ካሜራው ከሞላ ጎደል አይንቀሳቀስም። ትልልቁን ነገር ደግሞ አያሳየንም። እናትየዋ ባቡር ላይ ስትታመም አናይም፣ ከሰው አፍ ነው የምንሰማው። ሜሎድራማ ቢሆን ያን ባቡር መቼ ይለቅ ነበር! ኦዙ የሚያሳየን ልጆቹ የሐዘን ልብስ እንያዝ ወይስ አንያዝ ብለው ሲመካከሩ ነው።

ሚስቱ በሞተችበት ንጋት አባትየው ደጅ ቆሞ ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ትፈልገዋለች። ሥራ አስፈቅዳ ቶክዮን ያሳየቻቸው እሷ ብቻ ነበረች። አባትየው ንጋቱ እንዴት ያምር እንደነበር ይነግራታል። ዛሬም ሊሞቅ ነው ይላል። ስለ ሚስቱ አያነሳም።

ከዚህ በፊት የመጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም አለ፣ «ሜክ ዌይ ፎር ቱሞሮው» የሚባል፣ የዳይሬክተር ሊዮ መኬሪ፣ የ1937። ባንክ ቤታቸውን የወሰደባቸው ባልና ሚስት ልጆቻቸው ሁለቱንም አብሮ የሚያኖር ቦታ ስላጡ ይለያያሉ። መኬሪ በዚያው ዓመት ለሠራው ሌላ ፊልሙ ኦስካር ሲሰጠው፣ የሸለማችሁኝ በተሳሳተው ፊልም ነው አላቸው። እሱንም ፈልጋችሁ እዩት። መሐረብ ያዙ።

ባለፈው ሳምንት ለእማዬ ደወልኩ። እንደወትሮው ጤንነት፣ ጎረቤት፣ ማን አገባ። ከዚያ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ያን እሑድ ነጠላሽን ለብሰሽ ጥዬሽ ሥራ ስሄድ፣ ከዚያ ምን አደረግሽ?»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«የትኛው እሑድ?» አለችኝ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ትነግረኝ ጀመር። ዘንድሮ ቶሎ ገብቷል አለች፣ ጓሮው ለምልሟል።