የአውሮፕላን ጥርሱ የት ነው?

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ? ከደብረ ማርቆስና ከደጀን ሌሊት ተነስታችሁ ባሕር ዳር የገባችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ገንዘብ አዋጥታችሁ ያገለገለ ተርቦፕሮፕ፣ ማለትም ተርባይን ሞተር ፕሮፔለሩን የሚያዞርለት አውሮፕላን ልትገዙ ማሰባችሁን ነግራችሁኛል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአውሮፕላን ጥገና ነው። ስለ ትርፉ አላወራም፣ ንግዱን እናንተ ታውቁበታላችሁ። የማወራው አውሮፕላኑ ስንት ዕድሜ እንደቀረው ነው።

አባቴ ገበሬ ነበር። በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ቀንዱም ሻኛውም አያታልለውም። ሻጩ እያወራ እሱ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል። አውሮፕላንም ጥርስ አለው። ቀለሙ ላይ ወይም ወንበሩ ላይ አትፈልጉት። ሎግ ቡኩ፣ የበረራና የጥገና መዝገቡ ውስጥ ነው ያለው።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተር ነው። ሞተር ውድ ነው፣ ግን ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ይቀየራል። አካሉ ግን፣ ክንፉን ጨምሮ እኛ ኤርፍሬም የምንለው፣ ሌላ ነገር ነው። አምራቹ በሰዓት ወይም በበረራ ቁጥር ገደብ ካስቀመጠለት፣ ቁጥሩ ሲሞላ ይቆማል። የፈለገ ቢያብረቀርቅ አይበርም።

ትዊን ኦተር የሚባለውን ትንሽ ተርቦፕሮፕ ልውሰድ። 19 መንገደኛ ይጭናል፣ አጭር ሜዳ ላይ ያርፋል፣ የኛም አየር መንገድ በአንድ ወቅት አብርሮታል። ለክንፉ የተፈቀደለት 33,000 ሰዓት ወይም 66,000 በረራ ነው። ቀድሞ የሞላው ያስቆመዋል። "ወይም" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ ሰው የሚሸወደው እሷ ላይ ነው።

ሻጭ "24,000 ሰዓት ነው የበረረው፣ ገና 9,000 ይቀረዋል" አላችሁ እንበል። አልዋሸም። ግን አውሮፕላኑ ከደሴት ደሴት በሃያ ደቂቃ ሲመላለስ የኖረ ከሆነ 63,000 ጊዜ ተነስቶ አርፎ ሊሆን ይችላል። የቀረው 3,000 ነው። በቀን አሥር ጊዜ ብታበሩት በ300 ቀን አለቀ። ዓመት ሳይሞላ ክንፍ ልትቀይሩ ነው። ክንፉ ይቀየራል፣ አዎ። ዋጋውን ግን ተቀምጣችሁ ነው የምትሰሙት።

ለምን እንዲህ ሆነ? የዓባይን በረሃ አስቡት። ከደጀን ጎሐ ጽዮን ሲወርድና ሲወጣ የኖረ አይሱዙ አለ። ሜዳ ላይ የኖረም አለ። ኪሎ ሜትራቸው እኩል ነው። የትኛውን እንደሚገዙ ሹፌሮቻችሁን ጠይቁ። አውሮፕላን ሲነሳ ክንፉ ወደ ላይ ይለጠጣል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። ውስጡ አየር የሚታመቅለት ከሆነ ደግሞ አካሉ እንደ ኳስ ይነፋል፣ ይተነፍሳል። ትዊን ኦተር እንኳን ከዚህኛው ተርፏል። ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ማያሚ አጠገብ አንድ የባሕር አውሮፕላን ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ቀኝ ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። 20 ሰው ሞተ። በ1947 የተሠራ ነበር፣ የተርቦፕሮፕ ሞተር የተገጠመለት ኋላ ነው። የጣለው ሞተሩ አልነበረም። ክንፉ ውስጥ የቆየ ስንጥቅ ነው።

እኔም አንድ ገጠመኝ አለኝ። የማን እንደሆነ ይቅር። ከግዢ በፊት እይልን ተብዬ ሄድኩ። አውሮፕላኑ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ቆሟል። ባትሪዬንና ትንሿን መስታወቴን ይዤ ክንፉ ሥር ገባሁ። ከአንዱ ሪቬት፣ ብረቱን ከብረቱ ከሚያያይዘው ምስማር ዙሪያ ጥቁር፣ ጭስ የመሰለ ጭረት ወደ ኋላ ሄዷል። በጣቴ ጠረግኩት፣ ጣቴ ጠቆረ። ሪቬቱ ላልቶ ብረቱን እየፈጨ ነው። ከዚያ ሎግ ቡኩን ገለጥኩ። የአራት ዓመት መዝገብ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት! ገጹ ላይ የዘይት ጠብታ የለም። ዘይት ያልነካው የሃንጋር መዝገብ አይቼ አላውቅም። ሰውዬው ግን ቀድሞ ቀብድ ከፍሎ ነበር። እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም።

ስለዚህ ስትጠይቁ ሦስት ነገር አንድ ላይ ጠይቁ፦ ጠቅላላ ሰዓት፣ ጠቅላላ በረራ፣ ክንፉ መቼ እንደተገጠመና መለያ ቁጥሩ። የት እንደኖረም ጠይቁ፣ የባሕር ጨው ሰዓት አይቆጥርም፣ ቆሞም ይበላዋል። መዝገቡ ከፋብሪካ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ይምጣ። የሚያየው መሐንዲስም በእናንተ ገንዘብ የተቀጠረ ይሁን፣ ሻጩ "የኔ ሰው አለ" ያለው አይደለም። እዚህ ከመጣ በኋላ ሲቪል አቪዬሽን ስለ ጎደለው ገጽ ሲጠይቃችሁ፣ ሻጩ ስልክ አያነሳላችሁም።

ሻጩ የላከላችሁን ወረቀት ትናንት ማታ አይቼዋለሁ። ሰዓቱ ተጽፏል። የበረራው ቁጥር የለም። ዛሬውኑ ጻፉለት። መልሱ ሳይመጣም ቀብድ እንዳትከፍሉ።