ለዓይን የማትታየው ምልክት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ስለ አንዲት የማትታይ ምልክት ላውራችሁ። አንድ ልጅ ሥራ በጀመረ ሳምንቱ ዊንዶውስ ላይ የጻፈውን ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ያሉበትን ፋይል፣ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ጫነ። ሊያስኬደው ሲል «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለው። ፋይሉ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። አጥፍቶ እንደገና ጫነው፣ ስሙን ቀየረው፣ ፈቃዱን አስተካከለው። ያው ነው። እኔ ስደርስ ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሼ፣ ለዚህ ሥራ የምሆን አይመስለኝም» አለኝ።

ፋይሉን ካት በሚባለው ፋይል ማሳያ ትእዛዝ፣ የማይታዩትን ምልክቶችም እንዲያወጣ ትልቁን ኤ ጨምሬ፣ ከፈትኩት። በየመስመሩ ጫፍ፣ የመስመሩን መጨረሻ ከሚያሳየው የዶላር ምልክት በፊት፣ አንዲት ኤም ተለጥፋለች። ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት ምልክት ያስቀምጣል፤ ሲአር እና ኤልኤፍ፣ በቁጥር 13 እና 10። ሊኑክስ 10ን ብቻ። ያቺ ኤም 13 ናት። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ባሽ በሚባለው ፕሮግራም አስኪደኝ ይላል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ሲፈልግ የነበረው ባሽን ሳይሆን 13 የተለጠፈበት ባሽ ነው። እንዲህ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ እውነትም የለም።

ነገሩ ከቴሌታይፕ፣ ከሩቅ የተላከ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ከሚያትመው ማሽን፣ ዘመን የመጣ ነው። 13 የማተሚያውን ራስ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፣ 10 ወረቀቱን አንድ መስመር ያሳልፋል። ሊኑክስ አርአያ ያደረገው ዩኒክስ አንዱ ይበቃኛል አለ። ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ዶስ ሁለቱንም ያዘ፣ ዊንዶውስም ወረሰ። የድሮው ማክ 13ን ብቻ ነበር የሚጠቀመው። የቱ ልክ ነው ብሎ መከራከር ግን ለማንም አይጠቅምም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ፣ ማለትም በሚጻፍ ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም፣ የምንሠራ ሰዎች ሸክሙን ለጀማሪው መተዋችን ነው። አዎ፣ ዶስ ቱ ዩኒክስ የሚባል ማስተካከያ አለ። የሚያውቀው ግን አንዴ የተቃጠለ ሰው ነው።

እባካችሁ፣ መሣሪያችሁ ጽሑፍ ሲያነብ የዊንዶውስንም የሊኑክስንም አጨራረስ ይቀበል። መልሶ ሲጽፍ ደግሞ ያገኘውን አጨራረስ ይጠብቅ። አንዲት ቃል ያረመ ሰው የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ላይ ፋይሉ በሙሉ ተቀይሮ ሲያይ ይደነግጣል። ፎቶና ዚፕ ግን ጽሑፍ አይደሉምና ጨርሶ አይነካ። የጊቱንም ነገር ለየሰዉ ኮምፒውተር አትተዉት። ጊትአትሪቢዩትስ የሚባለውን ፋይል ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡና የሼል ስክሪፕት፣ ማለትም እንደ ባሽ ባለ ፕሮግራም የሚሄድ ስክሪፕት፣ መስመሩ ሁሌም በኤልኤፍ ይጨረስ በሉ። ፕሮጀክቱን የወሰደ ሁሉ ደንቡን አብሮ ያገኛል።

የስህተት መልእክትም ስትጽፉ «1ኛው መስመር መጨረሻ ላይ ሲአር አለ» በሉ። ያ ልጅ ያን ቀን ይህችን አንድ መስመር ቢያገኝ ኖሮ እኔን ባልጠራኝ ነበር።

አመሰግናለሁ።