ምላጩን ወደ ኤሌክትሪክ ልቀይረው? የፔይንትቦል ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ልጄ ቲፕማን 98 ማርከር (የቀለም ኳስ የሚተኩስ የፔይንትቦል ጠመንጃ) አለው፤ አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መያዣ ግዢልኝ ይለኛል። ሲመታ የባሰ አያምም? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አያምም፣ እናቴ። የሚቀየረው መያዣውና ምላጩ ብቻ ነው። ምላጩ ሲነካ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሶሌኖይድ (የኤሌክትሪክ ማግኔት) መዶሻውን የያዘችውን መቆለፊያ ይለቃታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ስፕሪንግና ጋዝ የድሮው ነው። የኳሷም ፍጥነት ያው ነው። በሴኮንድ ከ300 ጫማ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ሜዳው ላይ ይለካል። የሚጨምረው ብዛቱ ነው፤ አምስት ስድስት ኳስ ተከታትሎ ሲያርፍበት የተመታው ልጅ "አመመኝ" ቢል አልፈርድበትም። ማስኩን ግን አደራ!

ምን ዓይነት ባትሪ ነው የሚገባበት?

9 ቮልት። አልካላይን ይሁን።

ከቀየርኩት ወዲህ ኳሱ ማርከሩ ውስጥ እየፈነዳ አስቸገረኝ።

ሆፐርህ (ከላይ ያለው የኳስ ማጠራቀሚያ) ኳሱን እንዲሁ በክብደቱ የሚያወርድ ነዋ! ምላጩ ፈጠነ፣ ኳሱ ግን እንደ ድሮው እየተንከባለለ ነው የሚመጣው፤ ግማሹ ሳይገባ ቦልቱ (ኳሱን ወደ በርሜሉ የሚገፋው ዘንግ) ይቆርጠዋል። ባትሪ ያለው፣ ኳሱን እየገፋ የሚያስገባ ሆፐር ግዛ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትጠቀም ከሆነም ወደ ታመቀ አየር ተሻገር፤ ቶሎ ቶሎ ሲተኮስ የጋዙ ታንክ ይበርዳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ፈሳሹ ራሱ ማርከሩ ውስጥ ይገባል። ለማጽዳት ስትከፍተው ደግሞ መጀመሪያ ታንኩን ፍታ።

መያዣውን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ራሴ ቀየርኩት። ጋዙ እንዳይባክን ብዬ ታንኩን አልፈታሁትም። ችግር አለው?

አለው እንጂ! ምነው ልጄ፣ የሁለት ብር ጋዝ ለማትረፍ? ይሄን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፣ በየሳምንቱም ያናድደኛል። የመኪናህ ጎማ ግፊት 35 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ነው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ታንክ በክፍል ሙቀት 850 አካባቢ አለው፣ የአየሩ ደግሞ እስከ 4,500 ይሞላል። ያን ይዘህ ነው ብሎን የምትፈታው? "ሆፐሩን አውርጃለሁ" እንዳትለኝ፤ አንድ ኳስ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ለዓይን ደግሞ አንዱ ይበቃል።

እንዲህ አድርግ። ማስክህን አጥልቅ፣ ሆፐሩን አውርድ፣ ታንኩን ፍታ፣ ከዚያ ሰው ወደሌለበት አዙረህ ድምፁ እስኪጠፋ ተኩስ። ስትፈታ ደግሞ ልብ በል፦ አብሮ መዞር ያለበት ታንኩና አናቱ ላይ ያለው ቫልቭ ነው። ቫልቩ ቆሞ ታንኩ ብቻ ከዞረ ከቫልቩ እየተፈታ ነው፣ ሲለቅም እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። እዚህ አሜሪካ ሰው ሞቶበታል። የጥፍር ቀለም ከቤት ለምንና ከቫልቩ እስከ ታንኩ አንድ መስመር አስምር። መስመሩ ከተዛነፈ እጅህን አንሳ፣ ባለሙያ ጋ ደውል።

ምላጩን ስበን ስንይዘው ዝም ብሎ እንዲተኩስ ማድረግ ይፈቀዳል?

ሜዳውን ጠይቁ። ብዙ ቦታ አንድ ስበት አንድ ኳስ ነው።

ኤሌክትሪኩ ተወደደብኝ። መቆለፊያዋን በሞረድ ትንሽ ባሳሳት ምላጩ አይቀልልኝም?

ይቀልልሃል፤ ሳትነካውም ይተኩስልሃል። ሞረዱን አስቀምጥ። ነክተኸው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ታንኩን ፍታና ባለሙያ ጋ ውሰደው።

ከወንድሜ የወረስኩት የካርቦን ፋይበር ታንክ 2008 የሚል ተጽፎበታል። ላስሞላው?

በፍጹም! የእነዚህ ታንኮች ዕድሜ በአብዛኛው 15 ዓመት ነው። ይዘኸው ሱቅ ሂድ፣ እነሱ ያስወግዱልሃል።