ትልቁ አዞና ማንዴላ፦ ከፋፋይ መሪ እያለ ሥርዓት ይለወጣል?

ሄለን፦ ከፋፋይ መሪ ወንበሩ ላይ እያለ ሥርዓቱ ከምር ሊለወጥ ይችላል ወይ? የዛሬው ወሬያችን እሱ ነው። እኔ አይችልም ባይ ነኝ። ዳዊት ግን ደቡብ አፍሪካን ይዞብኝ መጥቷል።

ዳዊት፦ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ። ፒተር ቦታን አስቢው። ነጮች ጥቁሩን በዘር ለይተው በሚገዙበት በአፓርታይድ ዘመን፣ ከ1978 እስከ 1989 አገሪቱን የመራ፣ ጣቱን እየቀሰረ የሚናገር ሰው። "ትልቁ አዞ" ይሉት ነበር።

ሄለን፦ ስሙ ራሱ ይበቃል!

ዳዊት፦ ጥቁሮችን መፈናፈኛ ያሳጣው የይለፍ ወረቀት ሕግ ግን በማን ጊዜ ተሻረ? በሱ፣ በ1986።

ሄለን፦ በዚያው ዓመት አይደል እንዴ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሺዎችን ያሰረው? በ1984 ያመጣው ፓርላማስ? አንድ ምክር ቤት ለነጮች፣ አንድ ለክልሶች፣ አንድ ለህንዶች። ለጥቁሩ፣ ለብዙኃኑ፣ ምንም! ይሄ ለውጥ ነው ወይስ ቀለም መቀባት?

ዳዊት፦ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ኦገስት 1985 ደርባን ላይ ትልቅ ነገር ያውጃል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ነጮችን ራስን ወደ ማጥፋት አልመራም ብሎ ወረደ። የውጭ ባንኮች ቀድሞውንም ብድር አናራዝምም ማለት ጀምረው ነበር። የአገሪቱ ገንዘብ ራንድ ተንኮታኮተ፣ የአክሲዮን ገበያው ተዘጋ።

ሄለን፦ አየህ! ፍርሃት ሲሸጥ ኖሮ "አሁን አትፍሩ" ቢል ማን ይሰማዋል? ትንሽ ስላለሳለሰ ብቻ በ1982 ከፓርቲው ተገንጥለው የወጡበት አሉ።

ዳዊት፦ ለዚህ እኮ ነው በጓሮ የሄደው። ጁላይ 5 ቀን 1989 ማንዴላን ከእስር ቤት በምስጢር ኬፕታውን ቢሮው አስመጣቸው። ከመግባታቸው በፊት የስለላው ሹም ተንበርክኮ የጫማ ክራቸውን አሰረላቸው። ቦታ እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው፣ ሻዩንም ራሱ ቀዳላቸው።

ሄለን፦ የፖለቲካ እስረኞች ሁሉ ይፈቱ ሲሉትስ?

ዳዊት፦ አልችልም አለ።

ሄለን፦ በቃ፣ የኔም ነገር እሱ ነው።

ዳዊት፦ ቆይ እንጂ። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1990፣ የዚያው ፓርቲ ሰው ቦታን የተካው ደ ክለርክ፣ ታግዶ የኖረውን የማንዴላን ድርጅት ኤኤንሲን ሕጋዊ አደረገ። በዘጠነኛው ቀን ማንዴላ ወጡ። ፓርቲው ያው፣ ፓርላማው ያው፣ ፖሊሱ ያው።

ሄለን፦ ሰውየው ግን ሌላ! ቦታን ስትሮክ ባይመታው፣ የራሱ ካቢኔ ባይገፋው፣ ደ ክለርክ ከየት ይመጣ ነበር? ደግሞ የበርሊን ግንብ ፈርሶ "ኮሚኒስት መጣባችሁ" የሚለው ማስፈራሪያ አልሠራ ብሏል። ካዝናው ተራቁቷል። የጥቁሮቹ ሰፈሮች አልበርድ ብለዋል።

ዳዊት፦ እኔስ ምን አልኩ? ልቡ ተለወጠ አላልኩም። መሄጃ ሲያጣ ሥርዓቱ ዞረ ነው የምለው። በፍርሃት የተቀለበው ያው ነጭ መራጭ ማርች 1992 ሲጠየቅ፣ ከ68 በመቶ በላይ ድርድሩ ይቀጥል አለ።

ሄለን፦ እሱስ እኔንም ገርሞኛል። ቦታስ?

ዳዊት፦ የአፓርታይድን ግፍ የመረመረው የእውነትና እርቅ ኮሚሽን ሲጠራው አልመጣም አለ። ይቅርታ ሳይጠይቅ በ2006 ሞተ።

ሄለን፦ እና ይሄን ሰውዬ ነው ለለውጥ ምስክር ብለህ ያመጣህብኝ!