ፖርት ከፍቶ መሄድ ይብቃን

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃን የካሜራና የኔትወርክ ባለሙያዎች፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳ ድረስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የተጋበዝኩት ስለ ራውተር አሠራር እንድናገር ነው። እናገራለሁ። በቅድሚያ ግን ሲከነክነኝ የቆየውን ላውጣው።

ባለፈው ክረምት ጠባሴ የሚኖሩ አንዲት እናት ጠሩኝ። ልጃቸው ውጭ አገር ነው። ናፍቆቱ ሲጠናበት በስልኩ እንዲያያቸው ሳሎናቸው ውስጥ ካሜራ አስገጥሟል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ማታ ማታ ብቻውን ይዞራል» አሉኝ። ልጃቸውን ደውለን ጠየቅነው፤ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው፣ አይነካውም። 192.168.1.1 ብዬ ራውተሩ ውስጥ ገባሁ። ካሜራው ዲኤምዜድ ላይ ተቀምጧል። ማለትም አንድ ፖርት (የመግቢያ በር) ሳይሆን ሁሉም ወደ እሱ ተከፍቷል። ፓስዎርዱ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። እኚህ እናት ጋቢያቸውን ለብሰው ጸሎት የሚያደርሱት እዚያው ካሜራው ፊት ነው። አንድ የማያውቁት ሰው ሲያያቸው ከርሟል!

የገጠመውን ሰው ስም አልጠራም። ግን ከእኛው አንዱ ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ፣ «ይኸው በስልክ ይታያል» ብሎ ሄደ። ይህ ሥራ አይደለም፤ የሰው ገመና መበተን ነው! እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የወረረው በእነዚሁ የፋብሪካ ፓስዎርዶች ነው።

ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ራውተሩን «ከውጭ በዚህ ቁጥር የመጣውን ለዚህ ዕቃ ስጥ» ማለት ነው። የሚያስፈልገውን ፖርት ብቻ ክፈቱ። ለዕቃው ቋሚ አድራሻ ያዙለት፤ ያለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አድራሻው ሊቀየርና የከፈታችሁት ፖርት ወደ ሌላ ዕቃ ሊመራ ይችላል። የፖርቱን ቁጥር ቀይሬዋለሁ ብሎ መተኛትም አይሠራም። ያሉት 65,535 ናቸው፤ ማሽን ሁሉንም ይፈትሻል። ራውተሩ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቤቱ ኔትወርክ በተመሰጠረ መንገድ የሚያስገባ) ካለው ደግሞ እሱን አስቀድሙ።

ፖርት ትሪገሪንግ ሌላ ነው። ከውስጥ ያለው ዕቃ መጀመሪያ ሲወጣ የመግቢያው ፖርት ለጊዜው ይከፈታል፤ እንቅስቃሴው ሲቆም ይዘጋል። ቋሚ አድራሻ አይፈልግም፤ በአንድ ጊዜ ግን የሚያገለግለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ለጌም ይሆናል። ከውጭ እስኪጠሩት ለሚጠብቅ ካሜራ አይሆንም።

የራውተሩ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ፣ የኢንተርኔት አቅራቢው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች አጋርቷል ማለት ስለሆነ ፎርዋርዲንጉ አይሠራም። ደንበኛውን በከንቱ አታስከፍሉት።

አሁን የምለምናችሁ ይህን ነው። የገጠማችሁባቸውን ቤቶች ዝርዝር አውጡና ደውሉ። ዲኤምዜዱን አጥፉ። ፓስዎርዱን ባለቤቱ ፊት ቀይሩ፣ አዲሱን በእጁ ጽፎ ይያዝ። ለዚህ ሥራ አንድ ብር እንዳትቀበሉ።