እኛስ የት እናልቅስ?

በነርሶች ቀን ለሥራ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ለነርሶች ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

ከናይት ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከኋላ ግድግዳ ተደግፋችሁ ዓይናችሁን ብትከድኑ ቅር አይለኝም። እንቅልፋችሁ ከኔ ንግግር ይበልጣል።

ግንቦት 4 ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለደችበት ቀን ነው። በዚህ ቀን ሁሌም አንድ ምስጋና እንሰማለን። "እንደ ሻማ እየቀለጣችሁ ለሌላው ታበራላችሁ" ይሉናል። ከልባቸው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ይህን ምስጋና መቀበል ካቆምኩ ቆየሁ። የቀለጠ ሻማ ጠዋት ተፍቆ ይጣላል። እኛ ደግሞ ነገም ዲዩቲ አለብን። ዛሬ ማውራት የምፈልገው በዚህ ሥራ ላይ ሰው ሆኖ ስለ መቆየት ነው።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። 14 ዓመት ሆኖታል። ሕፃናት ዋርድ ነበርኩ። የት ሆስፒታል እንደነበር ይቅር። ሁለት ነርሶች ነን፣ ሕፃናቱ ሠላሳ አራት ናቸው። አልጋ 7 ላይ የሳንባ ምች የያዘው ልጅ ነበር። ኦክስጅን ላይ ነው። እናቱ ከገጠር ነው ይዛው የመጣችው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንፋሹ ተቀየረ። ዶክተሩ መጣ። የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። አልሆነም።

እናቱ አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ከአንገቱ በታች አለበሰችው። ፊቱን አልሸፈነችም። "ይበርደዋል" አለችኝ።

እኔ ኦክስጅኑን ዘጋሁ። ቻርቱ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ። የአልጋ 8 መርፌ ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ሄጄ ሰጠሁ። ጠዋት ሥራ ስንረካከብ፣ ሃንድኦቨር ላይ "አልጋ 7፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርፏል" አልኩ። ከዚያ "አልጋ 8" ብዬ ቀጠልኩ። በቃ።

ቤት ስደርስ ልጄ ጫማ አላደርግም ብላ ታለቅሳለች። ጮህኩባት። እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። ደንግጣ ዝም አለችና ጫማዋን ራሷ አደረገች። ግራና ቀኙን አቀያይራ ነው ያደረገችው። እያየሁ አላስተካከልኩላትም።

በዚያው ሳምንት ሰፈራችን አንድ አባት አረፉ። ዘጠና ያለፋቸው፣ ዕድሜ ጠግበው የሄዱ ሰው ናቸው። የእድሩ ድንኳን ተተከለ። እኔ ለመድረስ ያህል ነበር የሄድኩት። ገና አግዳሚው ላይ ከመቀመጤ እንባዬ መጣ። ማቆም አቃተኝ። ሴቶቹ ውኃ አመጡልኝ፣ ፊቴን አጠቡኝ። አንዲት እናት "ለካ እንዲህ ትወዳቸው ነበር" ስትል ሰማኋት። ከእኚያ አባት ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። እኔ ያለቀስኩት አልጋ 7ን ነው።

ይህ የኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። እዚህ የተቀመጣችሁ ስንቶቻችሁ በሰው ለቅሶ ቤት የታካሚያችሁን ለቅሶ አልቅሳችኋል? ስንቶቻችሁ ታክሲ ውስጥ፣ ሽንት ቤት በር ዘግታችሁ፣ ልብስ መቀየሪያው ጋ ቆማችሁ?

አገራችን ቻይ ሰው ትወዳለች። "ሆድ ይፍጀው" ብለን አድገናል። እኔንም አለቃዬ ያኔ "ትለምጂዋለሽ" አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እሷም እንዲሁ ተብላ ነው ያደገችው። እውነትም ለመድኩት። እንዴት እንደለመድኩት ግን ልንገራችሁ። የእናቶችን ፊት ማየት ተውኩ። ልጆቹን በስማቸው መጥራት ተውኩና በአልጋ ቁጥር ብቻ ጠራሁ። አስታማሚ ሁለት ጊዜ ከጠየቀኝ ቱግ እላለሁ። ሥራዬን እሠራለሁ፣ መድኃኒት አላሳልፍም። ግን እዚያ የለሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በበሽታዎች ምደባ ዝርዝሩ ላይ በርንአውትን፣ ማለትም በሥራ ዝሎ ማለቅን፣ ሲያብራራ ሦስት ምልክት አስቀምጧል። አንዱ የአቅም መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው ከሥራው በሐሳብ መራቅ፣ መምረር ነው። ሦስተኛው የምትሠሩት ሥራ ውጤት የሌለው ሆኖ መሰማት ነው። ያንን ሳነብ የገዛ ቻርቴን ያነበብኩ ያህል ተሰማኝ። ድርጅቱ አንድ ነገር ደግሞ ለይቶ ጽፏል። በርንአውት በሽታ አይደለም፣ መፍትሔ ሳያገኝ ከቆየ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ነው ይላል። የሥራ ቦታ! ስለዚህ አለቆቻችን እዚህ ስላላችሁ በአክብሮት እላለሁ፦ ለሠላሳ አራት ሕፃናት ሁለት ነርስ መድባችሁ "ጠንከር በሉ" አትበሉን። የሰው እጥረት በጥንካሬ አይሞላም። ሰው ቅጠሩ። ኦፋችንን፣ የዕረፍት ቀናችንን፣ አትንኩብን።

እንቅልፍን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሌላውን የምንመክረው እኛው ነን። ይህን ብቻ አስታውሱ። በ1997 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በተደረገ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ደብል ዲዩቲ ስትወጡ መድኃኒት የምትለኩት በዚያ እጅ ነው። ቡናም ቢሆን ከጠጣችሁት ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ግማሹ ካፌይን ገና ደማችሁ ውስጥ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልተኛ ያላችሁ፣ የሌሊት ዘጠኝ ሰዓቱ ስኒ አብሯችሁ አልጋ ይገባል።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ለቅሶ ቤት ምን እንደሚደረግ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል። "እንዴት ሆነው ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሐዘንተኛው ይናገራል። ሌላ ሰው ይመጣል፣ ያንኑ ይጠይቃል፣ ሐዘንተኛው ያንኑ ይደግማል። በሳልስቱ ያ ታሪክ ሃምሳ ጊዜ ተነግሯል። የመጀመሪያው ቀን እንባ እየቆረጠው የተነገረው፣ በሦስተኛው ቀን ከዳር እስከ ዳር ይነገራል። ፈገግታም ጣል ይደረግበታል። ማንም ምክር አልሰጠም። ሰዎቹ መጥተው መቀመጣቸው ነው የሠራው።

ሲነሡ ደግሞ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላሉ። ጽናት የምንለው ቃልም ከዚሁ ጋር አንድ ሥር አለው። እስቲ አስቡት፣ ለራሱ "ያጥናኝ" ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው አላጋጠመኝም። ጽናትን ሌላ ሰው መጥቶ ነው የሚመኝልህ፣ አጠገብህ ተቀምጦ። እኛ ግን ጽናት ስንባል ብቻችንን ጥርስ ነክሰን የምናመጣው ነገር ይመስለናል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ከተገኘ በኋላ መሰባሰብ ሲከለከል፣ ስንቱ ሰው የወላጁን ለቅሶ እንደ ደንቡ ሳይቀመጥ ቀረ። እስከ ዛሬ "አላለቀስኩላትም" የሚሉ አሉ። ያኔ ሕዝቡ ሁሉ የቀመሰውን፣ እኛ ዋርድ ውስጥ በየሳምንቱ እንቀምሰዋለን። ታካሚ ይሞትብናል፣ ድንኳን የለም፣ ንፍሮ የለም፣ "እንዴት ሆኖ ነው?" የሚለን የለም። አልጋው ይጸዳል፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ሌላ ሰው ይተኛበታል።

በኋላ የተዛወርኩበት ዋርድ አንዲት አንጋፋ ሲስተር ነበረች። አሁን ጡረታ ወጥታለች። ሰው ባረፈ ቁጥር፣ ሥራው ጋብ ሲል፣ የነርስ ክፍሉን በር ገርበብ ታደርግና ዲዩቲ ላይ ያለነውን ትጠራናለች። ጽዳት ሠራተኞቹን ጭምር። "ስለሳቸው የምታውቁትን ንገሩኝ" ትላለች። አንዱ "ሻይ ሲጠጡ ስኳር ያበዛሉ" ይላል። ሌላዋ "ልጃቸው ቅዳሜ ትመጣለች ብለውኝ ነበር" ትላለች። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ እሷ "በሉ ያጥናችሁ" ትላለች፣ እጃችንን ታጥበን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። እኔን ወደ ሰውነቴ የመለሰችኝ ይህች አምስት ደቂቃ ናት። ስም መጥራት ጀመርኩ። የእናቶችን ፊት አየሁ። ቤት ስገባ ልጄን አየኋት።

ይህን ለመጀመር በጀትም የማንም ፊርማም አያስፈልግም። በየዋርዳችሁ አንድ ሰው በሩን ገርበብ ያድርግ። ማልቀስ የማይሆንለት ዝም ይበል፤ መቀመጡ ይበቃል። አምስቱ ደቂቃ የማይፈታው ሸክም ያለባችሁ፣ እንቅልፍ ጨርሶ የራቃችሁ፣ መኖር ያስጠላችሁ ካላችሁ ደግሞ ወደ አእምሮ ሐኪም ሂዱ። ሌላውን እንደምትልኩት ራሳችሁን ላኩ።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ደጅ ከዛፉ ሥር ቡና ተፈልቷል። ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ ያላችሁ ተቀመጡ። ታካሚያችሁን የምታነሱ አንሡ። ከኔ እንጀምር።

አልጋ 7 ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነበር። ቀይ ሹራብ ለብሶ ነው የመጣው። እጅጌው ረዝሞበት እናቱ ሁለቴ አጥፋለት ነበር።